የጃክሊን ዱ ፕሬ ቼሎ ለምን ይሄን ያህል ተወደሰ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ እኛ ቤት እሁድ ከሰዓት ቡና ይፈላል። ቡናው እስኪደርስ አንድ ረዘም ያለ ሙዚቃ ከፍተን ሳናቋርጥ እንሰማለን። ትዝታ የምንሰማበት እሁድ አለ፣ መንዙማ የምንሰማበትም አለ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ደጋግሞ የሚከፈተው የአንዲት እንግሊዛዊት ቼሎ ተጫዋች ቅጂ ነው። ጃክሊን ዱ ፕሬ ትባላለች። የሚመጣው ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ይጠይቀኛል፣ በቴሌግራም የምልክላቸውም እንደዚያው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤ መልስ ጻፍኩባቸው። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ በእኛ ስጽፍ እናገራለሁ።

ጃክሊን ዱ ፕሬ ማን ናት?

በ1945 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ተወለደች። እናቷ ፒያኖ ተጫዋችና አስተማሪ ነበረች። አምስት ዓመት ሳይሞላት በሬዲዮ ቼሎ ሰማችና “ያንን የሚጮኸውን ነገር እፈልጋለሁ” ብላ ያዘች። ገዙላት። ዋና መምህሯ ዊልያም ፕሊዝ ነበር፣ ከስመ ጥሮቹ ቼሎ ተጫዋቾች ከካዛልስም ከቶርተሊየርም ከሮስትሮፖቪችም ዘንድ ደግሞ ጊዜ እየወሰደች ተምራለች። ለንደን ዊግሞር ሆል ውስጥ በ1961 ለሕዝብ ስትቀርብ 16 ዓመቷ ነበር። በዚያ ምሽት መሃል ላይ ከክሮቿ አንዱ ተበላሸባት፣ ወደ ውስጥ ገብታ ቀይራ ተመለሰችና ቀጠለች። በማግስቱ የወጡት የጋዜጣ ጽሑፎች ስለ ክሩ ሳይሆን ስለ ድምፁ ነበር የሚያወሩት። በ1987፣ በ42 ዓመቷ አረፈች። መድረክ ላይ የቆየችው ግን 12 ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ቼሎ ምንድን ነው? ከማሲንቆ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። እኔ ሁሌ ከዚህ ነው የምጀምረው። ቼሎ ትልቅ የእንጨት መሣሪያ ነው፣ ተቀምጠው በሁለት ጉልበት መሃል ይይዙታል፣ ከታች ብረት እግር አለው። አራት ክር አለው። ደጋኑ ላይ ያለው የፈረስ ጭራ ነው፣ ልክ እንደ ማሲንቆ ደጋን። ጭራው ክሩን እንዲይዝ ሙጫ ይቀባል፣ ይሄም እንደኛው ነው። ልዩነቱ ማሲንቆ ክሩ ራሱም ጭራ መሆኑ፣ አንድ ብቻ መሆኑና ጣት ክሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ አየር ላይ እንደሚነካው ነው። ቼሎ ላይ ጣት ክሩን እስከ እንጨቱ ድረስ ይጫነዋል።

አንድ እሁድ ማሲንቆ የሚገዘግዙ ጋሼ ቤታችን መጡ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሰርግ ላይ አሁን ብዙም አይወጡም። ምንም ሳልነግራቸው ከፈትኩት። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። የግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ እሳቸው ራሳቸው ያወቁት አይመስለኝም። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ “ስንት ናቸው?” አሉኝ። “ፊት ለፊት ያለችው አንድ ሴት ናት፣ ሌላው አጃቢ ነው” አልኳቸው። “መልሰው” አሉ። መለስኩት። ሦስት ጊዜ መለስኩት። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ “ደጋኑ አያልቅባትም።”

ይሄን ቃል ያዙልኝ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ደጋን ርዝመቱ ውስን ነው፣ ጫፉ ጋ ስትደርስ መመለስ አለብህ፣ ስትመለስ ድምፁ ይቆረጣል ወይም ይሳሳል። የእሷ አይሳሳም። ድምፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ነው፣ ደጋኑ ሲመለስ እንኳ መመለሱን አትሰሙትም። የለንደን ሃያሲዎች በብዙ ዓምድ የጻፉት ውዳሴ ሲጨመቅ እሳቸው በሁለት ቃል ያሉት ነው።

ሃያሲዎች በትክክል ምኗን ነው ያደነቁት?

ሦስት ነገር ላይ ያተኩራሉ። የመጀመሪያው ድምፅዋ ነው። ትልቅ ነው፣ ግን አይጮህም። ቼሎ ከስድሳና ሰባ ሰው ኦርኬስትራ ፊት ቁጭ ብሎ መሰማት ከባድ ነው፣ ብዙዎቹ ለመሰማት ሲሉ ክሩን ያስጨንቁታል። እሷ ግን በሹክሹክታም ስትጫወት እስከ አዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ትሰማ ነበር ብለው ይጽፋሉ።

ሁለተኛው ሙዚቃውን የራሷ ንግግር ማድረጓ ነው። የተጻፈውን እያነበበች ያለች አትመስልም። እዚያው እየፈለሰፈችው ያለች ይመስላል። በእኛ ብናወራው፣ የተጠና ግጥም የሚያወርድና እዚያው ሰርጉ ላይ ቆሞ ሰውን እያየ የሚገጥም አዝማሪ አንድ አይደሉም አይደል? ልዩነቱ ያ ነው። ቼሎዋ የሚጫወተው ኖታ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጻፈ ነው፣ አንዲት ኖታ አልጨመረችም። የተጻፈን ነገር እንዲህ አድርጎ መናገር መቻሏ ነው ያስደነቃቸው።

ሦስተኛው ድፍረቷ። አደጋ ትወስዳለች። ረጅም ኖታ ላይ ሌላው የሚያፈጥንበት ቦታ እሷ ትቆያለች፣ ሌላው በጥንቃቄ የሚያልፈው ዝላይ ላይ እሷ ጣቷን ክሩ ላይ እያንሸራተተች ትወጣለች። ይሄ ለአንዳንዱ ሃያሲ ውበት ነው፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ጥፋት። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሁሉም የሚያወራው ያ የ1965 ቅጂ ምንድን ነው?

የእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ የኤድዋርድ ኤልጋር የቼሎ ኮንሰርቶ ነው። ኮንሰርቶ ማለት አንድ ተጫዋች ፊት ሆኖ ኦርኬስትራ የሚያጅበው ረጅም ሥራ ነው። ይሄኛው አራት ክፍል አለው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የተቀዳው ነሐሴ መሃል 1965፣ ለንደን ውስጥ ኪንግስዌይ ሆል በሚባል አዳራሽ ነው። ቀኑን በእኛ ስቆጥረው ነሐሴ 13 ቀን 1957 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት፣ ቡሄ ማለት ነው። እዚህ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ በዋሉበት ቀን እዚያ አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ይሄን ስትቀዳ ዋለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ቅጂውን ቀረብ ብዬ ነው የምሰማው።

ያጀባት ለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው፣ መሪው ጆን ባርቢሮሊ፣ ያሳተመው ኢኤምአይ። በሸክላው በሌላኛው ገጽ ጃኔት ቤከር የኤልጋርን የባሕር መዝሙሮች ትዘፍናለች። ሸክላው ከወጣ ጀምሮ ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ እየተሻገረ እዚህ ደርሷል።

አጀማመሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ እዚያው ላይ ነው የሚያዝ ወይም የሚተው። ኦርኬስትራው ዝም ብሏል። ቼሎው ብቻውን አራት ጊዜ ይመታል፣ ብዙ ክር ባንዴ። ከዚያ ወደ ታች ይወርድና ይዝላል። ክላሪኔት፣ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፣ ትንሽ ይመልስለታል። ቀጥሎ ዋናውን ዜማ ቪዮላዎች፣ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያሉት የክር መሣሪያዎች፣ ብቻቸውን ያለ ምንም አጃቢ ያመጡታል፣ ጭር ያለ፣ የሚወዛወዝ ዜማ ነው። ቼሎው ከእነሱ ይቀበላል። ዜማው እየደጋገመ ይመጣል፣ ይከማቻል፣ ከዚያ ቼሎው ከታች ተነስቶ በደረጃ በደረጃ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። እዚህ ጋ እኔ ሁሌ ከኮምቦልቻ ሐረጎን መውጣት ነው ትዝ የሚለኝ። መታጠፊያ፣ መታጠፊያ፣ ሌላ መታጠፊያ፣ መኪናው ያቃስታል፣ አለቀ ስትሉ ገና ነው፣ ከዚያ ድንገት አናቱ ላይ ትወጡና ከተማው ፊት ለፊት ይዘረጋል። ቼሎው ጫፉ ላይ ሲደርስ ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ይገባል። ዱ ፕሬ ያንን መውጫ የምትወጣበት መንገድ፣ እያንዳንዷን ኖታ እንደ ጎትታ፣ ለቅጂው ከተጻፈው ውዳሴ ግማሹን ሳያስጽፍ አልቀረም።

ከእሷ በፊት ይሄ ሥራ አይታወቅም ነበር?

ይታወቅ ነበር፣ ግን አጀማመሩ አሳዛኝ ነው። ኤልጋር በ1918 የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሲነቃ እርሳስ ጠይቆ ያንን የሚወዛወዝ ዜማ ጻፈው። በሚቀጥለው ዓመት በጋ ላይ ሰሴክስ በሚባል ገጠር፣ ጫካ ውስጥ ባለ ቤት ተቀምጦ ኮንሰርቶውን ጨረሰ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ማለቁ ነው። እሱም 62 ዓመቱ ሆኗል፣ የጻፈው ሙዚቃ ያረጀበት ዘመን መጥቷል።

መጀመሪያ የቀረበው ጥቅምት 27 ቀን 1919 ለንደን ውስጥ ነው፣ ኤልጋር ራሱ እየመራ፣ ፊሊክስ ሳልመንድ ቼሎ እየተጫወተ። በዚያ ምሽት ሌላውን ሙዚቃ የሚመራው አልበርት ኮትስ ግን የልምምዱን ሰዓት ለራሱ ሥራ በላው። ለኤልጋር የቀረለት ትንሽ ነው። ኦርኬስትራው ሳይዘጋጅ ወጣ። ታዋቂው ሃያሲ ኤርነስት ኒውማን ኦርኬስትራው በአደባባይ እንዴት እንደተዋረደ ጻፈ። ኒውማን ሥራውን ራሱን አልነቀፈም፣ እንዲያውም አክብሮታል። ሕዝቡ የሰማው ግን የተበላሸውን ነው። በሚቀጥለው ሚያዝያ የኤልጋር ባለቤት አሊስ አረፈች። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት፣ እስከ 1934 ድረስ፣ የዚህን ያህል ክብደት ያለው ሥራ አልጨረሰም።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም የሚነካኝን ልጨምር። በዚያ የተበላሸ ምሽት ከኦርኬስትራው ቼሎ ተጫዋቾች መሃል አንድ የ19 ዓመት ልጅ ተቀምጦ ነበር። ስሙ ጆን ባርቢሮሊ ነው። አዎ፣ ያው ሰውዬ። ከ46 ዓመት በኋላ፣ በስሙ ያው በሆነው ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ፣ ከእሱ የዚያን ጊዜ ዕድሜ በአንድ ዓመት ብቻ የምትበልጥ ልጅ ይሄንኑ ሥራ ስትጫወት የመራው እሱ ነው። ቅጂውን ስትሰሙ ኦርኬስትራው እንዴት እንደሚጠብቃት አስተውሉ። እሷ ስትቆይ ይቆያል፣ ስትሮጥ አይቀድማትም። መሪው ራሱ ቼሎ ተጫዋች ነበረና ደጋኗ የት እንዳለ ያውቃል።

የተቹባት የሉም? ሁሉም ወዷታል?

የሉም የሚል ካለ አትመኑት። ዱሮም ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ሦስት ክስ ይቀርብባታል። አንዱ ስሜት አበዛች የሚል ነው። ኤልጋር ጨዋ፣ ቁጥብ ሰው ነበር፣ ሐዘኑን ውስጡ ይዞ የሚሄድ ዓይነት፣ እሷ ግን አደባባይ አውጥታ አለቀሰችው ይላሉ። ሁለተኛው ጣቷን ክሩ ላይ ማንሸራተቷ ነው፣ ለአንዳንድ ጆሮ ይበዛል። ሦስተኛው መድረክ ላይ መወዛወዟ፣ ፀጉሯን መወርወሯ፣ ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር። ይሄ ሦስተኛው እኔን አያሳምነኝም። እስክስታ የሚያይ ሰው ትከሻ ተንቀሳቀሰ ብሎ አይከስም።

የመጀመሪያው ክስ ግን ከበድ ያለ ነው፣ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ቢያትሪስ ሃሪሰን የምትባል ቼሊስት በ1928 ከኤልጋር ከራሱ ጋር ቀድታዋለች። ያንን ስትሰሙ ይፈጥናል፣ ይቀላል፣ ሐዘኑ እየተራመደ ነው የሚያልፈው። የጻፈው ሰው እንዲያ ከመራው፣ የዱ ፕሬ መቆየትና መጎተት የኤልጋር ነው ወይስ የእሷ? እኔ የእሷ ነው ባይ ነኝ። ግን ትዝታን ሁለት ሰው አንድ አድርጎ አይዘፍነውም፣ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም የሰማ የወሎ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ዜማው የሁሉም ነው፣ አወራረዱ የዘፋኙ ነው።

ባርቢሮሊም ለዚህ ክስ መልስ ነበረው። ወጣት ሆኖ ያልተትረፈረፈ ሰው፣ ዕድሜው ሲገፋ የሚቀንሰው ከየት ያመጣል የሚል ሐሳብ ነበር ያነሳው። እኔ በዚህ እስማማለሁ።

ውዳሴው ስለታመመች፣ አዝነውላት አይደለም?

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እፈልገዋለሁ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ስለ እሷ የሚጻፈው አብዛኛው ከበሽታው ይጀምራል። ሙዚቃዋን ገና ሳትሰሙ እንድታለቅሱ ያደርጓችኋል። ቀኖቹን አስተያዩ። ውዳሴው የጀመረው በ1961 ነው። ኤልጋርን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ላይ የተጫወተችው በ1962 ነው። በ1965 ግንቦት ኒው ዮርክ ካርኔጊ ሆል ቀርባ የአሜሪካ ሃያሲዎች ተደነቁባት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቀዳችው። በ1967 ከፒያኖ ተጫዋቹና ከኦርኬስትራ መሪው ዳንኤል ባረንቦይም ጋር ተጋባች፣ የሁለቱ ኮንሰርቶች ሁሉ ይሞላሉ። ጣቶቿ ስሜት ማጣት የጀመሩት ከ1971 ገደማ በኋላ ነው። የመጨረሻ ኮንሰርቶቿ በ1973 መጀመሪያ ላይ ናቸው፣ በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ መሆኑ የተነገራት ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው። ይሄ በሽታ ነርቭን የሚያጠቃ ነው፣ እጅ የታዘዘውን እንዳይሠራ ያደርጋል።

ስለዚህ ያ የ1965 ቅጂ የታማሚ ቅጂ አይደለም። የጤነኛ፣ ጉልበተኛ፣ ሳቂታ የ20 ዓመት ልጅ ሥራ ነው። ሐዘኑን ከሕይወቷ አላመጣችውም፣ ከወረቀቱ ነው ያነበበችው። ይሄን ማድረግ መቻሏ ነው ችሎታው። በበሽታዋ በኩል ካያችኋት ትልቁን ነገር ትቀሟታላችሁ፣ ሙያዋን። በመጨረሻዎቹ ኮንሰርቶች ላይ ሃያሲዎች ድምጿ እንደከዳት ጽፈዋል፣ ምን እንደገጠማት ማንም አያውቅም ነበርና። እሷ ራሷም ገና አላወቀችም። ያንን ሳስብ ይከፋኛል፣ ግን እነሱም የሰሙትን ነው የጻፉት።

ሃያሲ ማለት ምን ማለት ነው? አስተያየቱን ማመን አለብኝ?

በጋዜጣ ላይ የሙዚቃ ሂስ የሚጽፍ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ምሽት ኮንሰርቱን ሰምቶ፣ ሌሊት ጽፎ፣ ጠዋት ይታተምለት ነበር። የሸክላ ሂስ ደግሞ ለብቻው ነው፣ ግራሞፎን የሚባል መጽሔት ከ1923 ጀምሮ ይሄንኑ ሲሠራ ኖሯል። ሸክላ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያነበው ነበር።

እኔ ሂስ ሳነብ ቅጽሉን እዘለዋለሁ። “ድንቅ”፣ “አስደማሚ”፣ “ልብ የሚነካ”፣ ይሄ ስለ ጸሐፊው ነው የሚነግረኝ። ግሱን እፈልጋለሁ። የት ቆየች? የት ፈጠነች? ኦርኬስትራው ሲገባ ተሸፈነች ወይስ ወጣች? ይሄን የሚነግረኝ ሃያሲ ባልስማማበትም ይጠቅመኛል፣ ሄጄ ራሴ እሰማዋለሁና። የማሲንቆው ጋሼ “ደጋኑ አያልቅባትም” ሲሉ ውዳሴ አልደረደሩም፣ የሆነውን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ነው እኔም ደጋኗን መስማት የጀመርኩት።

የተጫወተችበት ቼሎ ነው ወይ ድምፁን የሰጣት?

መሣሪያው ይረዳል፣ መካድ አይቻልም። ስትራዲቫሪ የሚባለው የጣልያን ስመ ጥር መሣሪያ ሠሪ የሠራቸው ሁለት ቼሎ ነበራት፣ አንዱ በ1673 የተሠራ፣ ሌላው ዳቪዶቭ የሚባለው በ1712 የተሠራ። ገዝታ የሰጠቻት የክርስትና እናቷ ናት። ዳቪዶቭን በኋላ ዮ-ዮ ማ የሚባል ቼሊስት ሲጫወትበት ኖሯል፣ የእሱ ድምፅ ደግሞ ሌላ ነው፣ ለስላሳ፣ ብርሃን ያለው። ያው እንጨት፣ ሌላ እጅ።

ሌሎች ቼሊስቶችስ? የተመሰገነችው እሷ ብቻ ናት?

በፍጹም። ፓብሎ ካዛልስ አለ፣ የካታሎኒያ ሰው። በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ውስጥ አንድ ያረጀ ሱቅ ገብቶ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን ስድስት የቼሎ ሥራዎች ኖታ አገኘ፣ ዕድሜውን ሙሉ ተጫወታቸው፣ ከ1936 እስከ 1939 ደግሞ ቀዳቸው። ከእሱ በፊት እነዚህ ሥራዎች እንደ መለማመጃ ነበር የሚታዩት። ሃያሲዎች እሱን የሚያመሰግኑት ድምፁ ስላማረ ብቻ አይደለም፣ የተረሳ ነገር ስላስነሳ ነው።

ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የሙዚቃ ደራሲዎቹ ሾስታኮቪች፣ ፕሮኮፊየቭ፣ ብሪትን አዳዲስ ሥራ የጻፉለት እሱን እያሰቡ ነው። የበርሊን ግንብ በ1989 ሲከፈት ሄዶ ግንቡ ሥር ወንበር ስቦ ባህን ተጫውቷል።

ከዘመናችን ሼኩ ካኔ-ሜሰንን ስሙት። በ1999 ኖቲንግሃም የተወለደ፣ እናቱ ከሴራሊዮን የመጣች። በ2016 የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር ሲያሸንፍ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። በ2018 በእንግሊዝ ልዑል ሰርግ ላይ የተጫወተው ልጅ እሱ ነው፣ ያኔ ብዙ የኛ ሰው በቴሌቪዥን አይቶታል። በ2020 ኤልጋርን ቀዳው፣ አልበሙም በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከአስሩ ውስጥ ገባ፣ ከቼሊስቶች ያንን ያደረገ የመጀመሪያው ነው። እሱም የዱ ፕሬን ቅጂ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚወድ ተናግሯል። ዛሬ ኤልጋርን የሚጫወት ማንም ቢሆን ሂሱ ውስጥ የእሷ ስም አንድ ቦታ ሳይነሳ አይቀርም፣ ይሄ ለወጣቶቹ ሸክም ነው። የሼኩ እርጋታ ግን የራሱ ነው፣ እሷን አይኮርጅም።

እኛ ወሎዎች ስንሰማው ለምን ትዝታ ይመስለናል?

ቤት ውስጥ በዚህ ብዙ ተከራክረናል። በቅኝት ብናየው አይገናኙም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አራቱም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ኤልጋር የጻፈው ሰባት ድምፅ ባለው የአውሮፓ ስልት ነው። ግን አንዲት የቡና እናታችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ ዋናው ዜማ ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ስኒ እያጠቡ “ይሄ ሰው የሄደበት ቤት ነው” አሉ። ስለ ጦርነቱም ስለ ኤልጋር ሚስትም አልነገርኳቸውም ነበር። ዜማው ይመለሳል፣ ሲመለስ ያው ነው፣ ሰሚው ግን ያው አይደለም፣ ትዝታም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሊያልቅ ሲል ያቺ የመጀመሪያዋ የቼሎ ምት ትመለሳለች፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት የሰማችኋት። እዚያ ጋ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እስካሁን ጸጥ ያላለበት እሁድ አላየሁም።

ቼሎ መማር ብፈልግስ?

አዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ምዕራባዊ የክር መሣሪያዎችን ያስተምራል። ደሴ ለሚኖር ልጅ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ቼሎ እስክታገኝ አትጠብቅ። ማሲንቆ ያዝ። ደጋን መሳብን፣ ድምፅ ሳይቆረጥ መመለስን፣ ጣትን በጆሮ ማስቀመጥን እዚያው ትማራለህ። ክሩ ላይ ምልክት የለም፣ ቼሎም ላይ የለም። የሚመራህ ጆሮህ ነው።

ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አልችልም፣ አንድ ክፍል ብቻ ብሰማስ?

ሦስተኛውን ስሙ። አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው። ኦርኬስትራው አነስ ብሎ ነው የሚያጅበው፣ ቼሎው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያርፍም ማለት ይቻላል። በኢርፎን ስሙት፣ የስልክ ስፒከር የቼሎን የታች ድምፅ ይበላዋል። በአቦልና በቶና መሃል ልክ ይበቃል። ደጋኗ ሲመለስ ለመያዝ ሞክሩ። እኔ እስካሁን ሁለት ቦታ ብቻ ነው የያዝኩት፣ ጋሼ ደግሞ አንዱን አይደለም ብለውኛል።